ሀገርና ቦታ በእምነት ሲሰየሙ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ሀገራትና ስለ ቦታዎች ስም አመጣጥ ከወሎ ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። የከተማችን ስም የመጣው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በስፍራው ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው በመደሰታቸው እንደ ሆነ እናስተምራለን። አንዲት ተማሪ «እንግዲያው ደሴ የሃይማኖት ስም ነው ማለት ነው? ከላሊበላው ዮርዳኖስና ከግሸኑ ደብረ ከርቤስ በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያጠግባት መልስ ስላልሰጠኋት ጥያቄዋን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ።

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ተማሪዎ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው የሚነገሩ ሁለት ነገሮችን ለይታ ጠይቃለች። ስሙ የተሰጠበት ምክንያት ሃይማኖታዊ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የስሙ ቃል ራሱ ከሃይማኖት መወሰዱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ደሴ የምትመደበው ከመጀመሪያው ወገን ነው። በትውፊቱ የሚነገረው ኮከብ በ1882 በዓለም ዙሪያ ከታየውና በቀን ብርሃን ሳይቀር ከፀሐይ አጠገብ ይታይ ከነበረው ታላቅ ጅራታም ኮከብ ጋር ይስማማል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብለው እዚያው አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ ሰብስበው፣ ስለ ክርስቶስ ልደት ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ሲከፋፍል የኖረውን ክርክር በሥልጣናቸው የዘጉት ንጉሥ እንዲህ ያለውን የሰማይ ምልክት እንደ ተራ ነገር አይተው ያልፉታል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ይሁንና የሰጡት ስም «ደስታዬ» የሚል የልብ ስሜት እንጂ የታቦት፣ የቅዱስ ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰ ቦታ ስም አይደለም።

ከዚህ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር በሸዋ ተፈጽሞ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን በታየ ጊዜ ነገሩን ከእግዚአብሔር የተላከ ምልክት አድርገው ተቀብለው በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማም ቆረቆሩ፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ብርሃን በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ ሁለት ነገሥታት ወደ ሰማይ አይተው ሁለት ከተሞችን ሰየሙ፤ አንደኛው ያዩትን ብርሃን «ደብረ» የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ማዕረግ አልብሰው ጠሩት፣ ሌላው የተሰማቸውን ደስታ ብቻ ተናገሩ። ለተማሪዎ ልዩነቱን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ጥንድ ምሳሌ አላውቅም።

ላሊበላ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይሰፋል፤ እዚያ የተሰየመው አንድ ቦታ ሳይሆን አንድ ሙሉ የቅድስት ሀገር ካርታ ነውና። ከአለት ተፈልፍሎ የተበጀውና ከዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ሁለቱን ትልልቅ ምድቦች የሚለያየው የወንዝ መውረጃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ በውስጡም የጌታን ጥምቀት የሚያስታውስ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ መስቀል ቆሟል። ጎልጎታ፣ ደብረ ሲና፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ዘይትና መቃብረ አዳም ሁሉም በእግር ተደርሶ በሚመለስ ርቀት ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ስም ከየት መጣ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላሐዲን እጅ ከወደቀች በኋላ ምእመናን ሄደው መሳለም ስላልቻሉ ንጉሡ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም አነጸላቸው የሚል ነው። ማብራሪያው አጭርና ለመናገር የሚመች ስለ ሆነ ተደጋግሞ ይነገራል፤ እኔ ግን ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም፤ ኢትዮጵያውያን ከዚያ በኋላም ወደ ኢየሩሳሌም መጓዛቸውን አላቋረጡምና። ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈው ገድለ ላሊበላም አጥብቆ የሚናገረው ንጉሡ በመልአክ ተነጥቆ በሰማይ ያየውን ሕንፃ በምድር ላይ እንዲሠራ መታዘዙን ነው።

የስሞቹን ትርጉም የሚያሳየው አገልግሎታቸው ነው። በገና ሌሊት በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር የቆመ ምእመን ስለ ልደት እየሰማ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ራሱ በልደቱ ስፍራ ያቆመዋል። በጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ ይወርዳል፤ በስቅለት በጎልጎታ ይሰግዳል። ቦታው በዓመቱ የበዓላት ዑደት ተራ በተራ የሚነበብ በመሆኑ፣ ስሞቹን የሩቅ ከተማ መታሰቢያ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሳቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ቤተ ልሔም የሚለው ስም ላሊበላ ብቻ ያለ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። በየትኛውም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም ይባላል። የዳዊት ከተማ ስም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ስለ ሆነና የሕይወት እንጀራ የተባለው ክርስቶስም በዚያ ስለ ተወለደ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሙን ወስዳ የየዕለት አገልግሎት መጠሪያ አደረገችው። እንዲህ ሲታሰብ ወሎ ውስጥ ያሉት ቤተ ልሔሞች በቍጥር ከአብያተ ክርስቲያናቱ አያንሱም።

ከተማይቱ አሁን የምትጠራበት ስም የንጉሡ ሲሆን፣ ሲወለድ ንቦች ስለ ከበቡት እናቱ መንግሥቱን ንቦች ዐወቁለት ብላ እንዳወጣችለት ትውፊቱ ይናገራል። ቀድሞ ግን ሮሐ ትባል ነበር። ብዙዎች ሮሐን ከክርስትና ስሞች ሁሉ በፊት የነበረ የሀገሬው ስም አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን በግዕዝ መጻሕፍት ሮሐ የምትባል ሌላ ከተማ አለች፤ እርሷም ግሪኮች ኤዴሳ፣ ዐረቦች አር-ሩሃ ይሏት የነበረችው፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ የምትገኘው ኡርፋ ናት። ንጉሥዋ አብጋር ለክርስቶስ ደብዳቤ እንደ ላከና የጌታ መልክ ያለበት ጨርቅ እንደ ደረሰው በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይነገራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች የላስታዋ ሮሐ ስሟን ከዚህች ከተማ ሳትወስድ አልቀረችም ይላሉ። ሐሳቡ አሳማኝ ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም፤ ልክ ሆኖ ከተገኘ ግን «የድሮው ስም» የምንለውም ቢሆን ከቅዱሳት ከተሞች መዝገብ የተቀዳ ነው ማለት ነው።

ግሸን ከሁለቱም ትለያለች፤ እዚያ ስሙ የመጣው የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ነው። ንግሥት እሌኒ ካስገኘችው መስቀል ግማዱ በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጣና ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ መስቀሉን በመስቀለኛ ቦታ እንዲያስቀምጡ በራእይ ታዝዘው ብዙ ፈልገው በአምባሰል ያለውን ይህን አምባ እንዳገኙ ይተረካል፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው የሚተመው ምእመን የሚያከብረው ይህንኑ ነው። አምባው ደብረ ነጎድጓድ፣ ደብረ እግዚአብሔር እየተባለ ከቆየ በኋላ ደብረ ከርቤ የሚለው ስም ጸንቶለታል። «የከርቤ ተራራ» የሚለው ሐረግ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ቍጥር 6 ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ስሙን የሰጡት ሰዎች በአካባቢው ከርቤ ስለ በቀለ ሳይሆን የሰሎሞንን መጽሐፍ ስለሚያውቁ እንደ ሰጡት መገመት ይቻላል። ግሸን የሚለው ግን ከነዚህ ሁሉ ጎን ሳይሻር ኖሯል።

አሁን ወደ ተማሪዎ ጥያቄ ሥር እንምጣ። የክርስትና ትውፊት ቦታን መሰየም የተማረው ከኦሪት ነው። ያዕቆብ በሕልሙ መሰላሉን ካየ በኋላ ያንን ስፍራ ቤቴል፣ ማለትም የእግዚአብሔር ቤት ብሎ እንደ ጠራው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 ይነግረናል፤ በዚያው ቍጥር ላይም አስቀድሞ የከተማይቱ ስም ሎዛ እንደ ነበረ ይጨምራል። ሰያሚው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ምክንያት እንደ ሰየመና የቀድሞው ስም ምን እንደ ነበረ ሦስቱም ተመዝግበዋል። በሌላ በኩል ምዕራፍ 11 ባቢሎንን የቋንቋ መደባለቅ ከሚለው ቃል ጋር ያያይዛታል፤ ባቢሎናውያን ራሳቸው ግን የከተማቸውን ስም «የአምላክ በር» ብለው ይረዱት ነበር። የመጀመሪያው በእምነት የተሰጠ ስም ነው፤ ሁለተኛው ቀድሞ የነበረ ስም በእምነት ሲተረጐም ነው። የላሊበላው ዮርዳኖስና ደብረ ከርቤ ያለ ጥርጥር የቤቴል ወገን ናቸው። በየአጥቢያው ከሚነገሩት የስም ታሪኮች ብዙዎቹ ደግሞ የባቢሎን ወገን ሆነው ይገኛሉ፤ ይህም ታሪኩን ውሸት አያደርገውም፤ ስሙ ስለ ተወለደበት ቀን ሳይሆን ስሙን ስለ ተረጐሙት ሰዎች እምነት የሚመሰክር ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ በላሊበላ የአስጎብኚነት ሥራ እሠራለሁ። አንዳንድ የውጭ ሀገር ጎብኚዎች ዮርዳኖስንና ደብረ ዘይትን ሳሳያቸው «የራሳችሁን ኢየሩሳሌም ሠራችሁ» እያሉ ይገረማሉ። በእነርሱ ሀገርስ ስሙ ከክርስትና የመጣ ቦታ የለም? በሃይማኖት ስም የሚጠራ ሀገርስ አለ?

መልስ፦ ሞልቷል፤ እንግዶቹ የሚገረሙት በለመዱት ስም ውስጥ ያለውን ስለማያስተውሉ ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣ እንግዳ በፔንሲልቬንያ ቤተልሔም የምትባል ከተማ መኖሯን ሊያስታውሱት ይችላሉ፤ የሞራቪያ ወንድሞች የሚባሉ ክርስቲያኖች በ1741 በገና ዋዜማ የሰየሟት ናት። ሳን ፍራንሲስኮ የቅዱስ ፍራንሲስ፣ የብራዚሉ ሳኦ ፓውሎ የሐዋርያው ጳውሎስ ናቸው። ሳኦ ፓውሎ ስሟን ያገኘችው መሥራቾቿ የመጀመሪያውን ቅዳሴ ያደረሱት በምዕራባውያን አቆጣጠር ጳውሎስ ያመነበት በዓል በሚከበርበት በጥር 25 ቀን 1554 በመሆኑ ነው።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ የአንድ ትልቅ ልማድ አካል ነው። የፖርቱጋልና የስፔን መርከበኞች አዲስ የብስ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ዕለቱ የማን በዓል እንደ ሆነ ነበር፤ የእኛ ካህን ጠዋት ስንክሳሩን ገልጦ የዕለቱን ቅዱስ እንደሚያነብ፣ እነርሱም ካርታው ላይ የዕለቱን ስም ይጽፉ ነበር። ኮሎምበስ በ1493 በእሑድ ቀን ያያትን ደሴት ዶሚኒካ አላት፤ በላቲን ዕለተ እሑድ፣ የጌታ ቀን ማለት ነው። በ1498 ባደረገው ጉዞ ቀድሞ የሚያያትን ምድር በሥላሴ ስም ሊሰይም ተስሎ ስለ ነበር ሦስት ኮረብታ ያላትን ደሴት ትሪኒዳድ ብሎ ጠራት። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1497 በገና ሰሞን ያለፈበት የደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ናታል፣ ማለትም ልደት ተባለ። የፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን በ1537 በምዕራባውያን የፍልሰታ በዓል ቀን ተመሠረተች፤ ስሟም ፍልሰታ ማለት ነው። በምዕራብ አፍሪካ በኩል ያለችው ሳኦ ቶሜ በቶማስ ስም ትጠራለች። በ1502 ፖርቱጋላውያን በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ላገኟት ደሴት የሰጧት ስም ደግሞ ለግሸን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ናፖሊዮን ተግዞ የሞተባት ቅድስት ሄለና በእኛው ንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመች ናት።

ከሀገራት ሁሉ ኤል ሳልቫዶር ለእኛ አንባቢ ልዩ ትኵረት የሚገባት ይመስለኛል። ስሟ «መድኃኒቱ» ማለት ሲሆን፣ የሀገሪቱ ጠባቂ ሆኖ የሚከበረው «የዓለም መድኃኒት» ነው፤ ማለትም እኛ መድኃኔ ዓለም የምንለው ራሱ። በዓሉም የሚውለው በምዕራባውያን አቆጣጠር በነሐሴ 6 ቀን፣ ጌታ በታቦር ተራራ መልኩን በለወጠበት በዓል ነው። በእኛ ዘንድ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበትና ሙልሙል የሚታደልበት ቡሄ ያው በዓል መሆኑን ስናስብ፣ በመካከለኛው አሜሪካ ያለች አንዲት ሀገር የመድኃኔ ዓለምን ስም ይዛ በየዓመቱ ደብረ ታቦርን በብሔራዊ ደረጃ ታከብራለች ማለት ነው። ሳን ማሪኖ ደግሞ ለላሊበላ ሰው የምትቀርብ ናት፤ በትውፊቷ መሠረት በ301 የመሠረታት ማሪኖስ የሚባል ከዲዮቅልጥያኖስ ስደት የሸሸ ድንጋይ ጠራቢ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛው ጆርጂያ ናት። በካውካሰስ ያለችው ይህች ጥንታዊት ክርስቲያን ሀገር ስሟን ከቅዱስ ጊዮርጊስ እንዳገኘች ብዙ ሰው ይናገራል፤ ሰንደቅ ዓላማዋም የጊዮርጊስን መስቀል ይዟል። የሀገሩ ሰዎች ግን ሀገራቸውን ሳካርትቬሎ ይሏታል፤ ጆርጂያ የሚለው የውጭ ሰዎች አጠራር ሲሆን፣ ምሁራን ሥሩን የሚያገኙት ፋርሶች ሕዝቡን ከሚጠሩበት ጉርጅ ከሚለው ቃል ነው። አውሮፓውያን ስሙ ከጊዮርጊስ ጋር ስለ ተመሳሰለላቸውና ሕዝቡም ቅዱሱን አጥብቆ ስለሚወድ ሁለቱን አገናኙ። ቀደም ሲል የባቢሎን ወገን ያልነው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከበድ ይላል። መርከበኞቹ ስም ያወጡላቸው ምድሮች ስም አልባ አልነበሩም። ዶሚኒካ በነባር ነዋሪዎቿ በካሊናጎዎች ዘንድ ዋይቱኩቡሊ ትባል ነበር። ኦሪት ቤቴልን ሲጽፍ ሎዛን ሳይሰርዝ አስቀምጧል፤ የቅኝ ገዢዎች ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አላደረገም። በላስታ የንጉሡ ሰዎች የገዛ ሀገራቸውን ወንዝ ዮርዳኖስ ብለው መሰየማቸውና ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የሌላውን ሀገር በገዛ በዓሉ መሰየሙ ቃሉ ቢመሳሰልም አንድ ሥራ አይደለም፤ ይህን ልዩነት ለእንግዶችዎ ቢነግሯቸው ተገቢ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የምጽፍ ሙስሊም አንባቢ ነኝ። ኢትዮጵያ የሚለው ስም የክርስትና ስም ነው ሲባል እሰማለሁ፤ በሌላ በኩል ኢትዮጲስ ከሚባል ንጉሥ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እውነቱ የትኛው ነው? በእኛ ኪታቦች ሀገሪቱ ሐበሻ ነው የምትባለው።

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ስሙ ክርስትና ከመሰበኩ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ነው። በግሪክ ቋንቋ ፊቱ በፀሐይ የጠቈረ ሰው ማለት ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ባለቅኔ ሆሜር ሳይቀር ይጠቀምበታል። ግሪኮች በስሙ የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድርና ሕዝቡን እንጂ ወሰኑ የታወቀ አንድ መንግሥት አልነበረም። ወደ መጽሐፍ ቅዱስ የገባው የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ ኩሽ የሚለውን ቃል በአብዛኛው ኢትዮጵያ ብለው ስለ ጻፉት ነው። ግዕዙም የተቀዳው ከግሪኩ በመሆኑ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል በእኛ መጻሕፍት በዚሁ መልክ ደረሰን። ከዚያ በኋላ ስሙ የነገሥታቱ መታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱም ኩራት ሆነ። ስለዚህ ስሙ ክርስትና ያከበረው እንጂ ክርስትና የወለደው አይደለም።

ኢትዮጲስን በተመለከተ፣ በመጽሐፈ አክሱም እንደሚነገረው ኢትዮጲስ የካም ልጅ የኩሽ ልጅ ነው፤ ሀገሪቱም በስሙ ተጠራች። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የኩሽን ልጆች ሲዘረዝር ይህን ስም አያነሣም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የሀገራችን ሊቃውንት ስሙን በመጽሐፍ ቅዱስ አግኝተው ለራሳቸው ካደረጉት በኋላ፣ ምስራይም ለግብፅ አባት እንደ ሆነ ሁሉ ለኢትዮጵያም አባት ፈለጉላት። በዘፍጥረት ሥርዓት ሕዝብ ሁሉ ስሙን ከአባት ይወርሳልና አካሄዳቸው ከመጽሐፉ ጋር የሚስማማ ነበር፤ የስም ታሪክ ብለን ግን ልንይዘው አንችልም።

ሐበሻን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የያዘ ድንጋይ ስለ ሆነ። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክና በግዕዝ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፤ ንጉሡ የሚገዛቸውን ሕዝቦች ሲቈጥር በግዕዙ ሐበሠት ያለውን በግሪኩ ኢትዮጵያውያን ብሎታል። በተጨማሪም ይህ ጽሑፍ የተቀረጸው ንጉሡ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ነው፤ ራሱን መሕረም የሚባለው የጥንት አምላክ ልጅ ብሎ ይጠራልና። በ615 የነቢዩ ተከታዮች ወደ ነጃሺ ሲሰደዱ ሀገሪቱን የጠሩበት ሐበሻ የሚለው ስም እንግዲህ ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመታት ያህል በፊት በአክሱም ድንጋይ ላይ የነበረው ነው። ኪታብዎና ዳዊት የያዟቸው ሁለት ስሞች እኩል የሀገሪቱ ናቸው።

ስለ ጎረቤቶቻችንም አንድ ቃል ልጨምር። ኤርትራ የሚለው ስም የመጣው ግሪኮች ቀይ ባሕርን ከሚጠሩበት ቃል ነው፤ ጣሊያኖች በ1890 ለቅኝ ግዛታቸው ከመስጠታቸው በፊት «ባሕረ ኤርትራ» በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሲነበብ ኖሯል። ግብፅ ደግሞ በእርግጥም ከቤተ እምነት የተገኘ ስም ነው፤ እምነቱ ግን የክርስትናም የእስልምናም አይደለም። በሜምፊስ የነበረው ጵታሕ የተባለው ጣዖት ቤተ መቅደስ ስም በግሪኮች አንደበት አይጉጵቶስ ሆኖ ከዚያ ወደ እኛ ግብፅ ሆኖ መጣ። ቅብጥ የሚለውም ከዚያው የወጣ ስለ ሆነ የግብፅ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ሳያስቡት የአንድ ጣዖት ቤት መታሰቢያ ይዘዋል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነኝ። ወሎ የሚለው ስም ራሱ ሃይማኖታዊ ትርጉም አለው? ናዝሬት ወደ አዳማ፣ ደብረ ዘይት ወደ ቢሾፍቱ እንደ ተመለሱት፣ በወሎም የጠፉ የሃይማኖት ስሞች አሉ?

መልስ፦ ወሎ የሕዝብ ስም ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚህ ምድር ከገቡት የኦሮሞ ጎሣዎች የተወሰደ ሲሆን፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ በሚሉት ስሞች ውስጥ ያለው «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብን፣ ወገንን የሚያመለክት ቃል ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የደቡቡ ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ይህም «ቤተ» ቢልም ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የሕዝብ ርስት ማለት ነው። በሁለቱም ውስጥ ሃይማኖታዊ ትርጉም መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ናዝሬትና ደብረ ዘይት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በነባር ስሞች ላይ የተደረቡ ስለ ነበሩ ነባሮቹ በሕዝቡ አፍ ሳይረሱ ጠብቀው ተመለሱ። ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ ስም ሲሆን ግን መመለሱ ይከብዳል፤ ደብረ ማርቆስን መንቆረር፣ በ1445 በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስሙ የተለወጠውን ደብረ ሊባኖስን ደግሞ ደብረ አስቦ የሚል ሰው ዛሬ የሚገኘው በመጻሕፍት ውስጥ ነው።

በወሎ ስሞቹን ያጠፋው አዋጅ ሳይሆን ጦርነት ነው። አፄ ናዖድ ጀምረው ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴና አፄ በእደ ማርያም ያሠሩት አትሮንሰ ማርያም በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠሉ። መካነ ሥላሴን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ ግርማው ጽፎልናል። ሕንፃው ሲጠፋ በስሙ ይጠራ የነበረው አካባቢ ሌላ መጠሪያ ያገኛል፤ ታቦቱ በተረፈበት ግን ስሙም ይተርፋል። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም፣ ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ነበር ከሚባሉት አራት ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ትታወቃለች።

ከሁሉ የጸናው የሐይቅ ስም ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሲያደርጉት እስጢፋኖስ የሚለው ስም በገዳሙ ላይ ጸና፤ ውኃው ግን በቀድሞ መጠሪያው ቀረ። ኋላ በዳርቻው የተቈረቈረችውም ከተማ ስሟን የወሰደችው ከውኃው ነው።